«እናቴ አልሞተችም ብዬሽ ነበር!»

ውድ አንባቢያን፣ ለዛሬ የመረጥነው ደብዳቤ ከባህር ማዶ የደረሰን ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዲቆይ ስለጠየቀች ስሟን፣ ሰፈሯንና የሥራ ቦታዋን ትተናል። ደብዳቤው ረዘም ያለ ስለሆነም ጥቂት አሳጥረነዋል። ሐሳቡን ግን አልነካንም።

ይድረስ ለዚህ አምድ አዘጋጅ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ይህን የምጽፈው እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ሳምንት አልፎኝ ነው።

ዕድሜዬ 51 ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ከትዳራችን ልጅ አላገኘንም። ያልሞከርነው ሕክምና፣ ያልተሳልነው ስለት የለም። በመጨረሻ «የሀገራችንን ልጅ እናሳድግ» ብለን ተስማማንና በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተን አንዲት ልጅ በፍርድ ቤት በጉዲፈቻ ወሰድን። ወረቀቷ ላይ ዕድሜዋ 4 ዓመት፣ ትውልዷ ወላይታ፣ እናትና አባቷ በሞት የተለዩ፣ አሳዳጊዋ አጎቷ እንደሆነ ተጽፏል። አጎትየውም ቀርቦ ፈርሟል።

እውነቱን ልናገር፣ «ፈረንጆቹ ይቸገሩ እንጂ እኛ ምን ያስቸግረናል?» ብለን ነበር። ደሟ ደማችን፣ መልኳ መልካችን፣ ጸጉሯን እኔው እሠራታለሁ አልኩ። ሞኝነታችን የገባን የመጀመሪያው ሌሊት ነው። ልጅቷ አማርኛ አትሰማም! የምታውቀው ወላይትኛ ብቻ ነው። እኔም ባለቤቴም አንድ ቃል አናውቅም። አንድ ቃል እየደጋገመች ስታለቅስ አደረች። ቃሉ «እናቴ» ማለት መሆኑን ከወራት በኋላ አንድ የወላይታ ሰው ነገረኝ።

ዳቦ ትራሷ ስር ትደብቃለች። መብራት ሲጠፋ ትጮሃለች። እኔ ልቀፋት ስል ትሸሻለች፣ አይታው የማታውቀው እንግዳ ሲመጣ ግን ዘላ ጭኑ ላይ ትቀመጣለች። ስድስት ወር ሳይሞላ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ሐኪሙ «ይህቺ ልጅ ስድስት ዓመት ገደማ ትሆናለች» አለን። ዝም አልን።

አማርኛውን ስትለምድ መጀመሪያ ከነገረችኝ ነገር አንዱ «እናቴ አልሞተችም» የሚል ነው። እኔም «እሺ የኔ ቆንጆ፣ እናትሽ ሰማይ ቤት ናት» አልኳት። ሁለተኛ አላነሳችውም። እኔም ረሳችው አልኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. ከሶዶ አንድ ሰው በስልኬ መልእክት ላከልኝ። ፎቶ አለበት። ነጠላ የለበሰች ሴት የልጄን የሕፃንነት ፎቶ ይዛ ቆማለች። ሰውየው «እናቷ ናት፣ ልጄ ደህና ናት ወይ ትልሻለች» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ገንዘብ ጠየቀ። እጄ ተንቀጠቀጠ። 300 ዶላር ላኩለትና ቁጥሩን ዘጋሁት። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩም።

ባለፈው ወር ልጄ የድሮ ስልኬን ቻርጅ አድርጋ የልጅነት ፎቶዎቿን ስትፈልግ ያንን ፎቶ አገኘችው። መልእክቱንም አነበበችው። ወጥ ቤት ቆሜ ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኩን ፊቴ አስቀመጠችና በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ «እናቴ አልሞተችም ብዬሽ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማዬ» ብላኝ አታውቅም። በስሜ ትጠራኛለች።

አሁን ለባለቤቴ ፎቶ መጥቶ እንደነበር ብቻ ነግሬዋለሁ። እሱም «አታንሺው፣ ጊዜ ይፈታዋል» ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። እናትየው ትወስድብኝ ይሆን? ሕጉስ ምን ይላል? ልጄን አጣሁ ማለት ነው? እባክዎ ሳይውል ሳያድር ምክርዎን።

ግራ የገባኝ እናት ነኝ

መልሳችን

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤሽን ደጋግመን አነበብነው። ብዙ ሰው የራሱን ጥፋት ሸፍኖ የሌላውን ይዘረዝራል። አንቺ ግን ያደረግሽውን ሳትሸሽጊ ጽፈሻል። ለእኛ የነገርሽንን ያህል ለልጅሽ ብትነግሪያት ግማሹ መንገድ አለቀ ማለት ነው። ቀሪው ግማሽ ግን ቀላል አይደለም።

የትኛው ጥፋት የማን ነው?

በመጀመሪያ ያንቺ ያልሆነውን ከትከሻሽ አውርጂ። ወረቀቱን ያዘጋጀሽው አንቺ አይደለሽም። በዚያ ዘመን ከሀገራችን ወደ ውጭ የሚሄዱ ሕፃናት ቁጥር እጅግ አሻቅቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2,500 በላይ ልጆች ሄደዋል። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍል ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ ባለበት ቦታ ደላላ ይኖራል። ደላላ ባለበት ደግሞ በሕይወት ያለች እናት በወረቀት ትሞታለች፣ የስድስት ዓመት ልጅ የአራት ዓመት ትሆናለች። ትንሽ ልጅ ፈላጊዋ ብዙ ነውና።

ሁሉም እንዲህ ነበር አንልም። በእውነት ወላጅ አጥተው፣ በእውነት ደግ ቤት ገብተው ያደጉ ብዙ ናቸው። ግን ችግሩ በመንግሥት ዘንድም የታወቀ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የሚያየውን ጉዳይ ወደ 5 ዝቅ አደረገ። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያ ልጅ መቀበል አቆመች። በ2009 ዓ.ም. ሥራው እዚሁ ታገደ፣ በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠትን በሕግ ከለከለ። የእኛ ሀገር ጉድ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ለአሥርተ ዓመታት ልጆቿን ወደ ውጭ ስትልክ የኖረችው ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ2025 አንድ አጣሪ ኮሚሽን የብዙ ልጆች ሰነድ ተጭበርብሮ እንደነበር ይፋ አድርጎባታል።

ስለዚህ የ2006ቱ ሐሰት ያንቺ አይደለም። የ2012ቱ ዝምታ ግን ያንቺ ነው። ሁለቱን አትቀላቅያቸው። ለልጅሽ ስትነግሪያትም «እኔም ተታልዬ ነበር» ከሚለው አትጀምሪ። መታለልሽ እውነት ነው፤ እሷ ግን የተቀየመችሽ ተታልለሽ ሳለ አይደለም። ካወቅሽ በኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። ያን ቀን ብር የጠየቀሽ ሰውየው ነው። እናትየው የጠየቀችው «ልጄ ደህና ናት ወይ?» ብቻ ነው። አንቺ ለሰውየው ከፈልሽ፣ የእናትየው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

«ልጅ ይረሳል» የሚባለው

ልጅ ይረሳል የሚባለው ነገር ስንቱን ቤት አሳሳተ! ሐኪሙ እንዳለው ልጅሽ ስትመጣ ስድስት ዓመቷ ከነበረ፣ የእናቷን ፊት፣ የቤቱን በር፣ የተለያዩበትን ቀን ልታስታውስ የምትችል ልጅ ነበረች። የጠፋባት ቋንቋው ነው። በዚያ ዕድሜ ሀገር የለወጠ ልጅ የሚያናግረው ሰው ካጣ የአፍ መፍቻ ቋንቋው በወራት ውስጥ መድከም ይጀምራል፣ ውሎ አድሮም ይጠፋል። ትዝታው ግን ቃል አጥቶ ውስጥ ይቀራል። «እናትሽ ሰማይ ቤት ናት» ስትያት ዝም ያለችው አምናሽ ላይሆን ይችላል። ሌላ መሄጃ የሌላት ልጅ የምትበላበትን ቤት እንዳታስቀይም ብላም ዝም ትላለች።

ዳቦውን መደበቋ፣ ከአንቺ ሸሽታ እንግዳ ላይ መቀመጧ ብልግና አልነበረም። ብዙ እጅ የተቀባበላት ልጅ ማን ቋሚ፣ ማን አላፊ እንደሆነ አታውቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም ትስቃለች፣ ማንንም አታምንም። ከዚያ ተነስታ «እማዬ» እስከምትልሽ ድረስ ያደረሻት አንቺ ነሽ። ይህን ማንም አይወስድብሽም።

ዕድሜዋን በተመለከተም ዝም ማለታችሁ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት አንዲት ኢትዮጵያዊት ታዳጊ አሳዳጊዎቿ ባደረሱባት ግፍ ደጅ ላይ በብርድ ሞታ ተገኝታለች። አሳዳጊዎቿ በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ረጅም እስራት ተፈርዶባቸዋል። ነገር ግን ዕድሜዋን የሚያረጋግጥ የታመነ ሰነድ ባለመኖሩ አስከሬኗ ከመቃብር ወጥቶ እስከመመርመር ተደርሷል። ያንቺን ቤት ከዚያ ቤት ጋር ማወዳደራችን አይደለም፣ እግዜር ይጠብቀን። ልጅ ትክክለኛ ዕድሜዋን ማወቅ መብቷ ነው ለማለት ነው። በወረቀት 16 የሆነችው ልጅሽ በእውነቱ 18 ገደማ ልትሆን ትችላለች። እናቷን ለመፈለግ የማንንም ፈቃድ የማትጠይቅበት ጊዜ ደጃፍሽ ላይ ቆሟል። ወይ አብረሻት ትፈልጊያለሽ፣ ወይ ያላንቺ ትፈልጋለች። «ጊዜ ይፈታዋል» ለሚለው ባለቤትሽ ይህን ንገሪው።

ትወስድብኝ ይሆን?

ፍርሃትሽ ይገባናል። ሕጉ ግን እንደምትፈሪው አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 183 ላይ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥ፣ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ቤተሰብ እንደሚቀድም ይናገራል። ጉዲፈቻ በዘፈቀደም አይፈርስም፤ ልጁን እንደ ባሪያ መግዛትን የመሰለ ከባድ በደል ሲኖር ነው ፍርድ ቤት የሚያፈርሰው። የአሜሪካው ሕግም በትክክል የተጠናቀቀን ጉዲፈቻ ወላጅ እናት ስለተገኘች ብቻ አይሽረውም። ዝርዝሩን ከሕግ ባለሙያ ጋር ተነጋገሪ። ያን ጊዜም የአሜሪካ ዜግነቷን ማረጋገጫ በእጇ እንዲሆን አድርጊ። ከጉዲፈቻ ልጆች መካከል አሳዳጊዎቻቸው ወረቀቱን ሳይጨርሱላቸው ቀርተው፣ ካደጉ በኋላ ዜግነት የሌላቸው መሆናቸውን ያወቁ አሉና።

ከሕጉ በፊት ደግሞ ወጋችን ነበር። «ጉዲፈቻ» የሚለውን ቃል ከኦሮሞ ወንድሞቻችን ያገኘነው ነው። በሰሜኑም የጡት ልጅ የሚባል ወግ አለ። በዚህ ወግ ልጁ ሁለተኛ ቤት ያገኛል እንጂ የመጀመሪያው ቤቱ አይፈርስበትም። ብዙ የገጠር እናቶች ልጃቸውን ለውጭ ሰው ሲሰጡም የገባቸው ይኸው ነበር፦ ተምራ ትመጣለች፣ ደብዳቤ ትልካለች፣ እኔም እናቷ ነኝ። ባህር ማዶ የሚሠራበት አዶፕሽን ግን በሩን ይዘጋዋል። አንቺ በወጋችን ያደግሽ ሰው ነሽ። ከፈረንጁ ይልቅ የዚያችን ሴት ልብ ልታውቂ የምትችይ አንቺ ነሽ።

እንዴት ልጀምር ትዪ ይሆናል

አንደኛ፣ ዛሬ ማታ ለባለቤትሽ 300 ዶላሩንም የዘጋሽውን ቁጥርም ጨምረሽ ሁሉንም ንገሪው። ከልጅቷ አፍ ይስማው ካልሽ ሁለት ሰው ታጫለሽ።

ሁለተኛ፣ ልጅሽን ለብቻዋ ይቅርታ ጠይቂያት። አጭር አድርጊው። «ከስድስት ዓመት በፊት እናትሽ ደህና መሆንሽን ጠይቃ ነበር። ሰምቼ ደበቅሁሽ። የደበቅሁሽ እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው። ጥፋት ነው። ይቅር በይኝ።» ከዚህ በላይ አታስረዝሚ። «ስንት ነገር አድርጌልሽ» የሚል ቃል እንዳይወጣሽ! ተንሰቅስቀሽ አልቅሰሽም እሷን አጽናኚሽ አታድርጊያት። ወዲያው ይቅር ካላለችሽ አትቆጪ። በስምሽ ብትጠራሽም አቤት በይ።

ሦስተኛ፣ በእጅሽ ያለውን ሁሉ ስጫት። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ የአጎቷን ፊርማ፣ ፎቶውን፣ የሰውየውን ቁጥር። ዋናው ይቀመጥ፣ ሙሉ ኮፒው ግን የሷ ይሁን። የራሷ ታሪክ ነው።

አራተኛ፣ ፍለጋው በጥንቃቄ ይሁን። ሰውየውን ብቻ አምነሽ ገንዘብ አትላኪ። ከሁለቱም ወገን ያልሆነ፣ ወላይትኛ የሚናገር፣ ሚስጥር የሚጠብቅ ሰው ፈልጊ። ለምን ሚስጥር? እናትየው አግብታ፣ ሌላ ልጆች ወልዳ፣ ባሏ ስለዚህች ልጅ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። መኪና ሙሉ ሰው በድንገት ደጇ ቢቆም ለናንተ ደስታ ነው፣ ለሷ ግን ትዳር ማፍረስ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መገናኘት ትፈልግ እንደሆነ ትጠየቅ።

አምስተኛ፣ ጉዞ ከመታሰቡ በፊት የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ይደረግ። ምራቅ ብቻ ነው የሚወሰደው። በፎቶ ብቻ አምኖ ሀገር ቤት ከደረሱ በኋላ ሌላ ሴት ሆና ማግኘት ለልጅሽ ሁለተኛ ሞት ነው። አለመሆኗ ከታወቀ ደግሞ ፍለጋው አዲስ ይጀመራል።

ስድስተኛ፣ የመጀመሪያው ግንኙነት በደብዳቤና በፎቶ፣ ቀጥሎ በቪዲዮ ይሁን፤ አስተርጓሚ ይኑር። ልጅሽ ቋንቋዋ ስለጠፋባት ታፍራለች። ከአሁኑ ጥቂት ቃላት እንድትማር ሰው ፈልጊላት። «ደህና ነኝ» ማለትን ብቻ ብታውቅ እንኳ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ።

ሰባተኛ፣ የገንዘቡ ነገር። መነሳቱ አይቀርም፣ አትደንግጪም። ድሃ ዘመድ ችግሩን መናገሩ ልጄን ለገንዘብ ነው የፈለግኋት ማለት አይደለም። ግን የምትረዱ ከሆነ እናንተ ባልና ሚስቱ ተማክራችሁ፣ ለምሳሌ ለታናናሾቿ ትምህርት ብላችሁ፣ ልክ አውጡለት። ልጅቷ የቤተሰብ ቀላቢ አትሁን። ዕድሜዋ አይደለም።

በዚህ ሁሉ መሐል የጉዲፈቻ ልጆችን ችግር የሚያውቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ብታገኙ ይበጃችኋል። «እብድ ነኝ ወይ?» እንዳትልሽ መጀመሪያ አንቺው ሂጂ።

አንድ ምሳሌ

በስዊድን አድጎ በኒውዮርክ ስመጥር የሆነ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ምግብ አብሳይ አለ። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት እሱና እህቱ በጉዲፈቻ ወደ ስዊድን ሄዱ። አባታቸውም የሞተ መስሏቸው አደጉ። ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላ ግን አባቱ ሀገር ቤት በሕይወት እንዳለ ታወቀ፣ መጥቶም አገኘው። የማያውቃቸው እህትና ወንድሞችም አገኘ። በዚህ ምክንያት የስዊድን ወላጆቹ ልጅ መሆኑ አልቀረም። ቤተሰቡ ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

ያንቺም ቤት እንዲህ ይሆናል ብለን ቃል አንገባልሽም። ልጅሽ እናቷን አግኝታ ልትቀዘቅዝ፣ ልትናደድ፣ ጭራሽ ሁለታችሁንም ልትሸሽ ትችላለች። እናትየው ባትገኝም፣ ወይም ተገኝታ መገናኘት ባትፈልግም የሚጎዳው ጉዳት አለ። ያን ቀን ግን አጠገቧ ለመቆም መብት የሚኖርሽ ዛሬ እውነቱን ከተናገርሽ ብቻ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ያንቺ እውነት እያደር ሳይሆን በአንድ ቀን ስልክ ላይ ጠራ፤ አሁን የቀረሽ ከጎኑ መቆም ነው።

«ልጄን አጣሁ ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኛ አይመስለንም። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብታ በእንግሊዝኛ ልትሰድብሽ ትችል ነበር። የተናገረችሽ ግን አንቺ ባስተማርሻት ቋንቋ ነው። ልታጣሽ የፈለገች ልጅ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣ ነበር፣ ስልኩን ፊትሽ አታስቀምጥም ነበር። መልስ እየጠበቀች ነው።

ለሌሎች አንባቢያን፦ ዛሬም «በጓሮ በር ልጅ አስወጣላችኋለሁ» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ሽሹት። የውጭ ዜግነት ያላችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም የምትጠይቁት የሕግ ባለሙያንና የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይሁን። ሀገር ቤት ያላችሁ ደግሞ ልጅ ማሳደግ ከፈለጋችሁ በየአካባቢያችሁ ያለውን የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ። ልጁን ከመውሰዳችሁ በፊት «እናቱ የት ናት? ማን አያት? ማን ቀበራት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ቢያሳፍርም ከኋላ ጸጸት ያድናል።

ውድ ጠያቂያችን፣ የሆነውን ጻፊልን። እንደተለመደው ስምሽ አይወጣም።